እሺ ለማለት የዘገየችው

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍላችን እሷን በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ከሐኪሞቹ ጀምሮ እስከ በር ጠባቂው ድረስ ሁሉም «እትዬ ለምን» ይላታል። ስሙን ያወጣላት የቦይለሩ ሠራተኛ ነው። አንድ ጠዋት የሙቅ ውሃ መልቀቂያው ሰዓት ከሁለት ወደ ሦስት ተዛወረ ተባለ። ሌሎቻችን ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ፣ እሷ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቦይለሩ ድረስ ሄደችበት።

«ለምን ተዛወረ?»

«እትዬ፣ እኔ ቧንቧ ከፋች ነኝ። ክፈት ሲሉኝ እከፍታለሁ።»

«ለምን እንዳሉህ አልጠየቅህም?»

«ጠይቄ ምን ላደርገው?»

«እንግዲያው የሚያውቀውን ሰው አሳየኝ።»

ሰውየው ከዚያ ወዲህ በመስኮታችን ባለፈ ቁጥር «እትዬ ለምን፣ እንዴት አደሩ?» ይል ጀመር። ስሙም እንደማይለቅ እድፍ ተጣብቆባት ቀረ። እሷ አልተቀየመችም። «ከስንቱ ቅጽል ስም ይሻላል» ትል ነበር።

እኔ የክፍሉ ጠጋኝ ነበርኩ። የስፌት መኪናዬ ከመስኮቱ ሥር ፊቱን ወደ ሰዎቹ አዙሮ ስለተቀመጠ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ብዙ አየሁ፤ ጥቂት ተናገርኩ። ክፍሉ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ሦስት ደረጃ ወርደው የሚገቡበት ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ሆኖ ወደ ውሃ መውረጃው ያዘነብላል። ሁለት ትልልቅ ማሽኖችና አንድ ረጅም የመተኮሻ ጠረጴዛ አሉ። ጠረጴዛው ላይ የተነጠፈው ብርድ ልብስ ጠርዙ ሁሉ በካውያ ተለብልቦ ዳንቴል መስሏል።

አጣቢዎቹ አራት ናቸው። እያንዳንዷ የራሷ የሕሙማን ክፍልና የራሷ የክር ቀለም አላት። ቀይ ክር የማዋለጃው ነው፤ ሰማያዊ ቃጠሎ የደረሰባቸው የሚተኙበት ክፍል፤ ጥቁር የወንዶች ክፍል፤ ቢጫ ደግሞ የቀዶ ሕክምናው። በየአንሶላው ጥግ ሦስት ሦስት ስፌት የምሰፋው እኔ ነበርኩ። ባለቀይዋ የባለሰማያዊዋን አንሶላ በስህተት እንኳ አትነካም። አንሶላ ጠፋ ከተባለ ጸቡ ከወንዝ ወዲያ ይሰማል። ባለጥቁሯ ከሁላችንም ስለሚበልጡ እማማ እንላቸዋለን። ቢጫው ክር የእትዬ ለምን ነበር።

ተቀጥሬ በገባሁ በመጀመሪያው ቀን እማማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ እዚህ ቤት እሺ ይበልጣል ከሺ። አለቃ ሲናገር እሺ በይ። ከዚያ የምታውቂውን ሥሪ» አሉኝ። ምክራቸው ሠርቶልኛል። በእኔ ዘመን ሰባት ኃላፊዎች መጥተው ሄደዋል። አንዱ ቆብ አድርጉ አለ፤ እሺ አልን። አንዷ በየሰዓቱ መዝገብ ላይ ፈርሙ አለች፤ እሺ አልን። ቆቡ ለሳሙና መያዣ ሆነ፤ መዝገቡን ምሽት ላይ የአንድ ሳምንቱን ባንድ ጊዜ እንፈርመው ነበር። ኃላፊው ሲሸኝ ሐሳቡም አብሮት ይሸኛል። አንሶላው ግን ይኖራል።

እሺ የማይወጣት እትዬ ለምን ብቻ ናት። አባቷ ግንበኛ ነበር። ልጅ ሆና ድንጋይ ስታቀብለው «ይሄኛው ለምን ከታች ሆነ?» ካለችው ሥራውን አቁሞ ያስረዳታል። «ለምን እንደሚቀመጥ የማታውቂውን ድንጋይ አታስቀምጪ» ይላት ነበር አሉ። አስተማሪዋ ግን እንደ አባቷ አልታገሣትም። አራተኛ ክፍል ሳለች፣ «አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል!» ብሎ ቢጮህባት፣ «እናቴ ደህና ናት፤ አሁን ልብስ እያጠበች ነው» ብላ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰችው። ግማሽ ቀን ግድግዳ ስር ቆመች። በዓመቱም ትምህርቱ ቀረ።

ቤቷ ከሆስፒታሉ አጥር ጀርባ ነው፤ የዘጠኝ ደቂቃ መንገድ። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ግማሽ ጎኑ ታስሮ ተኝቷል። እኩለ ቀን ላይ እኛ ምሳችንን ስንፈታ እሷ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ትሄዳለች። ታበላዋለች፤ ከግራ ወደ ቀኝ ታገላብጠዋለች፤ ከሥሩ ያለውን አንሶላ ትለውጣለች። ያን ሁሉ ዓመት ጀርባው ላይ የጥፍር ያህል ቁስል አልወጣበትም። ነርሶቹ እንኳ እየሄዱ ያዩት ነበር።

ስምንተኛው ኃላፊ ወጣት ነው። ትሁትና የተማረ፣ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ሦስት እስክሪብቶ የሚሰካ። በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ነጭ ሰሌዳ አስገብቶ፣ እኛን በተገለበጡ ቅርጫቶች ላይ አስቀምጦ፣ አዲሱን አሠራር ነገረን። ከእንግዲህ የእኔ ክፍል፣ የአንቺ ክፍል የለም። አንሶላው ሁሉ ባንድ ላይ ይታጠባል። አንዷ ትለያለች፣ አንዷ ታጥባለች፣ አንዷ ትተኩሳለች፣ አንዷ ታጥፋለች። የጠየቀ ክፍል ከጋራው መደርደሪያ ይወስዳል። የክር ምልክትም ይቀራል።

የሚቀረው ስፌት የእኔ ሥራ ነበር። ከሌሎቹ ጋር ግን አጨበጨብኩ። እማማ፣ «እሰይ የኔ ልጅ፣ ዕድሜ ይስጥህ!» ብለው መረቁት። ባለቀይዋ «ግሩም ነው» አለች፤ ባለሰማያዊዋ ደገመችላት።

እትዬ ለምን እጇን አወጣች። ኃላፊው በዕድሜ የልጇ እኩያ ስለሆነ «ልጄ» ትለዋለች፤ አለቃዋ ስለሆነ ደግሞ በአንቱታ ታናግረዋለች።

«ልጄ፣ ለምን እንደሆነ ይንገሩን።»

«ዘመናዊ አሠራር ነው፣ እትዬ።»

«ለምን ዘመናዊ ሆነ?»

«ሌሎች ሆስፒታሎች በዚህ ነው የሚሠሩት።»

«እነሱስ ለምን?»

ባለቀይዋ በክርኗ ጎሸመቻት፤ ባለሰማያዊዋ ሳቋን በሽርጧ አፈነች። ኃላፊው ፊቱ ቀላ።

«መመሪያ ነው፣ እትዬ። እሺ ይላሉ አይሉም?»

«ሳይገባኝ እሺ አልልም። ከገባኝ ግን ከእኔ የበለጠ የሚሠራልዎ አያገኙም።»

ልጁ መጀመሪያ የተናገረችውን ብቻ ሰማ። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈ።

አዲሱ አሠራር ከመጀመሩ በፊት በነበሩት አራት ቀናት እሷ ምን እንዳደረገች ያየሁት እኔ ነኝ። የተቀደደ ካርቶን ላይ፣ ማሽኖቹ ሳይሞሉ በዞሩ ቁጥር አንዳንድ መስመር ታሰምራለች። የባለቀይዋ አሥር የሕፃን መጠቅለያ ለብቻው ሲዞር፣ መስመር። የእማማ ስድስት አንሶላ ለብቻው ሲዞር፣ መስመር። በአራት ቀን ሃያ ሦስት መስመር ሆነ። እማማ በታመሙበት ቀን ደግሞ የወንዶች ክፍል ያለ አንሶላ ሲያድር፣ ማዋለጃው መደርደሪያ ላይ የተረፈ ክምር እንደነበር ጻፈች። በአምስተኛው ቀን ካርቶኗን ይዛ ቢሮው ገባች።

«ገብቶኛል። እሺ» አለችው። «ግን ይህን ለምን አልነገሩንም?»

ካርቶኑን አየው። «መመሪያው ላይ አልነበረም» አላት። የዘገየ እሺ መሆኑን እንጂ የከበደ እሺ መሆኑን ልብ አላለውም።

አዲሱ ሥራ ተጀመረ። ከውጭ ለሚያየው ያማረ ነበር። ሰሌዳው ላይ ተራችን ተጽፏል፤ ማሽኖቹ ጢም ብለው ይዞራሉ። እኔ ግን ከመስኮቴ ሥር ሌላም ነገር አያለሁ። ባለቀይዋ የሕፃናት መጠቅለያ ስታጥፍ አምስቱን መደርደሪያው ላይ፣ ሁለቱን ቁም ሣጥኗ ውስጥ ታደርጋለች። ባለሰማያዊዋ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ሣጥን አላት። እማማ የሳሙናውን መጋዘን ቁልፍ ከአንገታቸው አያወልቁም። እኔም እውነቱን ልናገር፣ ባለቀይ ክር አራት የትራስ ልብሶች መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ነበር። ማንም ከማንም ጋር አልተማከረም። አፋችን እሺ ብሎ እጃችን የለመደውን ሠራ፤ ያን ያህል ነው።

እትዬ ለምን ምንም አላስቀረችም። እሺ ብላለቻ! ቢጫ ክር ያለባቸውን የቀዶ ሕክምና ጨርቆች አንድ ሳይቀር ወደ ጋራው መደርደሪያ አወጣች። እንደ ሌሎቹ ጨርቆች ሁሉ ማንም ወስዶ ተጠቀመባቸው።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ቀዶ ሕክምናው በሽተኛውን አስተኝቶ የሚያለብሰው ጨርቅ አጣ። መደርደሪያው ባዶ ነው። ሐኪሙ ጓንቱን አውልቆ ሁለት ሰዓት ተቀመጠ። በሽተኛው ደህና ሆኖ ወጣ፤ ነገሩ ግን እስከ ዋናው ዳይሬክተር ደረሰ።

ኃላፊው እትዬ ለምንን አስጠራት። የተቀደደ ጨርቅ መዝገብ በእኔ እጅ ስለነበር እኔም ተጠራሁ።

«እትዬ፣ ቀዶ ሕክምናው የእርስዎ ክፍል ነበር አይደል?»

«ነበር። አሁን የሁሉም ነው፤ እርስዎ አይደሉ እንዴ ያሉት?»

«ከአራቱ ክፍሎች ጨርቅ ያጣው እሱ ብቻ ነው። ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ የተቃወሙትም እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ጠየቅሁ እንጂ አልተቃወምኩም።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«የሚቃወም ሰው መልስ አይጠብቅም።»

መሳቢያውን ሳበ። ከዚያ ደብዳቤ አቀበላት። ከሰኞ ጀምሮ ከከተማው ዳር ወዳለው ቅርንጫፍ ጤና ጣቢያ ተዛውረዋል ይላል። ሁለት አውቶቡስ የሚያስይዝ መንገድ ነው፤ ጠዋት የሄደ ሰው የሚመለሰው ሲመሽ ነው። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰዓት ሄደ። እኩለ ቀን ሊሆን አሥር ደቂቃ ይቀረዋል። እኔ «የደበቅነው ሌሎቻችን ነን» ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

መንገድ ላይ ተከተልኳት።

«ስንት አለሽ?» አለችኝ ዞር ሳትል።

«ምን?»

«ተይ እንጂ እታለም። ከስድስት መቶ አርባው አንሶላ አራት መቶ አሥሩ ብቻ ነው የሚዞረው። አንሶላ እግር የለውም። የመኪናሽ መሳቢያስ ለምን አልዘጋ አለ?»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። «አራት የትራስ ልብስ» አልኳት።

«ለምን?»

«ክሩ ከቀረ የምፈለገው ጨርቅ ሲቀደድ ብቻ ነው ብዬ። ማስታወሻ ነገር።»

ትንሽ ተራመደች። «ይሄ ምክንያት ነው» አለች። «ምክንያት ያለው ሰው ሌባ አይደለም።»

«ለኃላፊው ንገሪውና ከዝውውሩ ዳኚ እንጂ!»

«አራት ሰው አስቀጥቼ? ነገ በምን ዓይኔ ነው ከእናንተ ጋር አንሶላ የምጎትተው?»

ቤት ገብተን ባሏን አበላችው። ደብዳቤውንም ሳትደብቅ አነበበችለት። ሰውየው በደህናው ጎኑ ሳቀ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ያን ሁሉ ዓመት እኔን ለምን ስትዪ ኖርሽ። አሁን እነሱም ጠገቡሽ?»

«ዝም በል፣ አንተ ሾፌር። እግርህን ወዲህ።»

«ከሰኞ ጀምሮ ማን ሊያገላብጠኝ ነው?» አለ ቀስ ብሎ። አሁን አልሳቀም።

«እኔ ነኛ። ሌላ ማን አለ?» አለችና በአንድ ክንዷ ትከሻውን፣ በሌላው ወገቡን ይዛ ወደ ቀኝ መለሰችው።  እኔ ከሥሩ አንሶላውን ወጠርኩ።

ስንመለስ በቀጥታ ቢሮው ገባች። «ልጄ፣ ሁለት ሰዓት ይስጡኝ። ጨርቁ የት እንዳለ አሳይዎታለሁ። ግን እስከዚያ ወደ ክፍሉ አይግቡ።»

«ለምን?» አላት። እሱ ለምን ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«እርስዎ ሲገቡ ሁሉም ሰው እሺ ስለሚል።»

አያት፣ እኔን አየ፣ ሰዓቱን አየ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት» አለ።

ረጅሙን ጠረጴዛ መሃል ላይ ጎትተን አቆምነው። ማሽኖቹን አጠፋች። ማሽኖቹ ሲጠፉ ክፍሉ እንዴት ዝም እንደሚል ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

«ሰኞ እዛወራለሁ» አለቻቸው። «ቀዶ ሕክምናው ጨርቅ ያጣው እኔ ደብቄ ነው ተብሏል። ያጣው ግን ሳልደብቅ ብቻዬን ስለቀረሁ ነው። ማን እንደደበቀ አልናገርም፤ አልጠይቅምም። ያስቀመጣችሁትን እዚህ ጠረጴዛ ላይ አድርጉ። ስታደርጉ ለምን እንዳስቀመጣችሁት ብቻ ንገሩኝ።»

ባለቀይዋ ጥፍሯን ትቆረጥማለች። መቼም ከእኔ የበለጠ ፈሪ እዚያ አልነበረም። መሳቢያው አልከፈት ብሎኝ በመቀስ ጫፍ ጎርጉሬ አራቱን የትራስ ልብሶች አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ምክንያቴንም ተናገርኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ጮክ በይ፣ ጠጋኟ!» አለች ባለሰማያዊዋ። ሁሉም ሳቀ፤ ያኔ ነገሩ ላላ።

ባለቀይዋ ቁም ሣጥኗን ከፈተች። «ዛሬ የተወለደ ልጅ መጠቅለያ ከቁስል አንሶላ ጋር አብሮ ሲዞር ዝም ብዬ ልይ? በገዛ እጄ አላደርገውም» አለች። ባለሰማያዊዋ ሣጥኗን በእግሯ እየገፋች መጣች። ያስቀረቻቸው አሮጌ አሮጌዎቹን ነው፤ ታጥበው ታጥበው እንደ ጥጥ የለሰለሱትን። «አዲሱ አንሶላ የተቃጠለ ገላ ላይ ይቆረቁራል። ከመደርደሪያው ቢወስዱ ማን ይመርጥላቸዋል?» አለች።

እማማ መጨረሻ መጡ። የመጋዘኑን ቁልፍ ከአንገታቸው አውልቀው ለእትዬ ለምን ሰጧት፤ የወንዶቹን ክፍል አንሶላዎች ከሳሙናው ጀርባ ከምረዋቸው ኖሯል።

«የእኔ ምክንያት አይረባም» አሉ። «ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ። የወንዶች ክፍል ስገባ ነርሶቹ ‹እማማ መጡ› ይላሉ። የማንም አንሶላ ከሆነ ማን መጣ ይባላል?»

«ከሁላችንም የሚረባው ይሄ ነው፣ እማማ» አለች እትዬ ለምን። ካርቶኗን አውጥታ ማሽኖቹ ስንት ጊዜ ሳይሞሉ እንደዞሩ አሳየቻቸው። እሳቸው በታመሙበት ቀን የወንዶች ክፍል ያለ አንሶላ ማደሩን ስትነግራቸው እማማ ደነገጡ። «ማንም አልነገረኝ!» አሉ። ከዚያ የትኛው ጨርቅ ከየትኛው ጋር አይታጠብም፣ የትኛው ይለይ እያልን ስንከራከር ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ለዓመታት አብረን ስንሠራ እንዲያ ተከራክረን አናውቅም። አንሶላ የጠፋ ጊዜ ተሰዳድበናል እንጂ።

ኃላፊው ገባ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ክምር ሲያይ በር ላይ ቆመ። ሁለት መቶ ሠላሳ አንሶላና አንድ ቅርጫት መጠቅለያ ነበር።

«ማን ነው የደበቀው?»

«ይሄ ጥያቄ አይጠቅምዎትም፣ ልጄ። ለምን ተደበቀ ይበሉ።»

ልጁ የተገለበጠ ቅርጫት ስቦ ከእኛ ጋር ተቀመጠ። «እሺ። ለምን?» አለ።

ባለቀይዋ ነገረችው። በሥራ ዘመኗ ለኃላፊ ከእሺ ሌላ ስትናገር ያን ቀን ብቻ ሰማኋት፤ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ነበር። ባለሰማያዊዋ ተከተለች። እማማ የነርሶቹን ነገር ሲያነሱ ኃላፊው ተነስቶ ሰሌዳውን በእጅጌው ጠረገው። ከሦስቱ እስክሪብቶዎች አንዱን እትዬ ለምን ተቀበለችውና እሱ እየሣለ፣ እሷ እያረመች ሠሩት። የአራስ ልጅ መጠቅለያ ጠዋት ለብቻው በአንዱ ማሽን። የለሰለሱ አንሶላዎች ሲታጠፉ ተለይተው ለቃጠሎው ክፍል። እጥበቱ የጋራ፤ አድራሿ ግን የክፍሉ ሰው፤ ወንዶች ክፍል ጋሪውን እየገፉ የሚገቡት እማማ ናቸው፣ ማዋለጃው ባለቀይዋ ናት። የእኔ ሰማያዊ ክርም ለለሰለሱት አንሶላዎች ተመለሰ።

«ይሄን መጀመሪያውኑ ብትነግሩኝ ኖሮ» አለ ኃላፊው።

«መጀመሪያውኑ ቢጠይቁን ኖሮ» አለች እትዬ ለምን። እማማ እንኳ ሳቁ።

ከዚያ ደብዳቤዋን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ ሰሌዳው ሥር አስቀመጠችው። «ይሄስ?»

«ይሰረዛል፣ እትዬ። ነገ አጽፋለሁ።»

«ዛሬ ይሁንልኝ። ሰኞ ሩቅ አይደለም።»

ቢሮ ሄድን። ራሱ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ ጻፈው፤ አትሞም ሰጣት። መነጽር ስላልያዘች እኔ አነበብኩላት፦ «ሠራተኛዋ የጠባይ ለውጥ በማሳየታቸው ዝውውሩ ተሰርዟል።»

«የምን የጠባይ ለውጥ?»

«የደብዳቤ አጻጻፍ ነው፣ እትዬ። እንዲህ ነው የሚባለው።»

«ጠባዬ ያው ነው፤ ነገም ያው ነው። የማልፈጽመውን አልፈርምም።»

«ታዲያ ምን ይባል?»

«ዝውውሩ በስህተት ነበር ይበሉ።»

ልጁ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ለሁለት ቀደደና ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰ። ቁልፎቹን በሁለት ጣት ነበር የሚመታው፤ ቀስ እያለ፣ አንድ በአንድ። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች። እጆቿን ሽርጧ ላይ አጣምራ፣ እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀችው።